ጉለሌ ውስጥ ቅማል ስንቆጥር

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ፋርማሲው ወረፋ ስለነበረው ፊት ለፊቱ ካለች ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ባዶ ወንበር አልነበረም፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ተማሪዎች ጠጋ ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ። ኮምፒውተር ከፍተው ስለ መመረቂያ ጥናታቸው ይጨቃጨቃሉ። ልጁ፣ "ይቺ አንዷ በሽተኛ ናት አማካዩን ያበላሸችብን፤ በቃ እናውጣት" ይላል። ልጅቷ ደግሞ፣ "እ... ማለቴ፣ ምን ብለን ነው የምናወጣት? ደጋግማ ሆስፒታል መተኛቷ እኮ እውነት ነው" ትለዋለች። ማኪያቶዬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። እነሱ ስለ በሽተኛዋ ሲከራከሩ እኔ አርባ ዓመት ያህል ወደኋላ ሄጄ፣ ክረምት ላይ፣ አንድ ቡናማ ኮት የለበሱ ሰው መስኮት ስር ቆመው መነጽራቸውን ሲጠርጉ እያየሁ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። የላብራቶሪ ኮርስ እንደጨረስኩ ጉለሌ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጤና ጥናት ክፍል ተመደብኩ። ተመደብኩ የምለው በዚያ ዘመን ሰው ስለማይቀጠር ነው፤ ይመደባል። ቢሯችን ከአንድ ባላባት የተወረሰ ቪላ ነበር። ሳሎኑ የስብሰባ አዳራሽ፣ መኝታ ቤቶቹ ላብራቶሪና መዝገብ ቤት ሆነዋል፤ የእመቤቲቱ የሸክላ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የእኛ ጋዋን ይዘፈዘፋል። ከቁስቋም በታች ካለው የእናቴ ቤት ጠዋት ጠዋት በእግሬ እወርዳለሁ። ባሕር ዛፉ ገና ጤዛውን ሳያራግፍ፣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ሲወርዱ፣ እኔ በሸራ ጫማዬና ሽሮ ሜዳ ባሰፋሁት ፖሊስተር ቀሚሴ እየተጠነቀቅሁ የድንጋዩን መንገድ እዘልቀዋለሁ። የደከመኝ ቀን በአሥራ አምስት ሳንቲም አውቶቡስ አለ። ከመሥሪያ ቤታችን ጥግ በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ የሚሸጥባት ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ ቴፑን ከፍቶ የፍቅር ዘፈን ያሰማናል፣ ካኪ የለበሰ ሰው ብቅ ሲል ደግሞ ካሴቱን ገልብጦ ማርሽ ያደርገዋል። ዛሬ ሳስበው ግማሹን የወጣትነት ዘፈኖቼን የማውቃቸው ከመሃል ተቆርጠው ነው።

ሥራዬ ቅማል መቁጠር ነበር። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር "ምርምር ላይ ናት" ትላለች፤ ለብቻችን ስንሆን ግን "ተምረሽ ተምረሽ ቅማል ልትቆጥሪ?" ትለኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። በዚያን ዓመት ተስቦ ሰፈሩን እያዳረሰ ነው፤ ተስቦን ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚያዘዋውረው የልብስ ቅማል ነው። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር፣ ትልልቅ በርሜሎች የተጣዱበት ልብስ መቀቀያ ቤት ተሠራ። ሰው ጠዋት ልብሱን ያስረክባል፣ ተቀቅሎ ደርቆ ማታ ይወስዳል፤ በነጻ ነው። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የታችኛው ሰፈር ደግሞ ዱቄት መድኃኒት ብቻ ይነሰነስለታል። የእኛ ጥናት ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ማወቅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽርና ነጭ ሳህን ይዤ እወጣለሁ። የአንገት ልብስ ስፌት፣ የብብት ስፌት፣ የሱሪ መታጠቂያ፤ ያገኘሁትን ሳህኑ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ። አብዛኛው ሰው ላይ ምንም የለም። አንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት። አልፎ አልፎ ደግሞ ሳህኑ የሚሞላበት ሰው ይገጥመኛል።

ከሁሉ የበዛው አባባ ጫቦ ላይ ነበር። አባባ ጫቦ በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሠሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ከሸማ ጉድጓዱ ወጥተው፣ ቁስቋም ማርያም አጥር ጥግ በላስቲክ የከለሏት መጠለያ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስቆጥር እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ ቁጥሩ መቶዎችን አልፎ ሲሄድ እኔ ላብ ላብ ይለኛል። አንድ ጊዜ፣ "አትቸኩዪ ልጄ፣ እነሱም የሚሄዱበት የላቸውም" ብለው አሳቁኝ።

የእኔን ቁጥሮች የሚቀበሉት አቶ ለማ ነበሩ፤ የክፍላችን የስታቲስቲክስ ባለሙያ። ወለጋ ተወልደው፣ ህንድ አገር ተምረው የመጡ፣ አርባ ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ናቸው። ሌሎቹ ወንዶች ሁሉ ካኪ ሲለብሱ እሳቸው ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበትን ቡናማ ኮታቸውን አልለወጡም። ምሳ ዕቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል፤ በዚያ ሰሞን እሳቸውም ታስረው እንደወጡ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሳውም። ጠረጴዛቸው ላይ በእጅ የሚዘወር የሒሳብ መኪና ነበረች። እጀታዋን ሲያዞሯት ክርርር ትልና መጨረሻ ላይ ደወል ታሰማለች። ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ በአንድ ጣት የምትሠራውን ሒሳብ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲያዞሩ ውለው፣ በነጋታው ደግሞ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እንደገና ያዞሩታል። እኔን ግን ከዚያ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነበር። ቁጥሬን ሲቀበሉ "ስንት ሆነ?" አይሉም። "ሰዎቹ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል፤ ማን እንዳሳለ፣ ማን ቤት እንደቀየረ ሳልነግራቸው ወረቀቱን አያዩትም።

ውጤቱ ሲደመር ሁላችንንም አስደነገጠን። ልብስ የሚቀቀልበት ሰፈር፣ በአማካይ ሲሰላ፣ ከታችኛው ሰፈር የበለጠ ቅማል ያለበት ሆኖ ወጣ። ዶክተራችን፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ደግና በሥራ ብዛት የደከመ ሰው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በተገኘበት ስብሰባ ጠራ። እኔም ቆጣሪ ስለሆንኩ ከግድግዳው ስር ተቀመጥኩ።

"ለማ፣ ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ?" አለ ዶክተሩ ወረቀቱን እያሳየ።

"ቁጥሩ ልክ ነው፣ ዶክተር" አሉ አቶ ለማ። "የማይረባው አማካዩ ነው።"

ሊቀመንበሩ አልጠበቀም። "ካልጠቀመ መቀቀያ ቤቱን ለቀበሌ ሱቁ መጋዘን እንፈልገዋለን። እንጨቱም ይተርፋል" አለ።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "አንድ መፍትሔ አለ። ጫቦ የሚባሉትን ሽማግሌ ብቻ ከዝርዝሩ ብናወጣ አማካዩ ይገለበጣል። የላይኛው ሰፈር የተሻለ ሆኖ ይወጣል፣ ቤቱም ይተርፋል።"

"ለሪፖርትም ያምራል" አለ ሊቀመንበሩ ፊቱ ፈካ ብሎ። "አንድ ሽማግሌ ሰፊውን ሕዝብ አይወክሉም።"

እኔ በልቤ እፎይ አልኩ። ቤቱ ሊተርፍ ነዋ። አቶ ለማ ግን ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወደዚህ ጠጋ ቢሉ" አሉ። ሰውዬው ቅር እያለው ተነሳ። "ግቢው ላይ የሚወርደው ካፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ንጣፍ ድንጋይ ላይ የሚያርፈው ጠብታ ይቀራረባል። እንዲህ ላለው ነገር አማካይ ይበቃል፤ የሚሰላበትም ቀላል ዘዴ አለ። አሁን ግን ያንን ጥግ ይዩት። አሸንዳው የተቀደደበትን። እዚያ ስር ያለው ድንጋይ ጉድጓድ ሊሆን ነው። የካፊያውንና የአሸንዳውን ውሃ ደምረን ለድንጋዮቹ ብናካፍልና 'ግቢው በመጠኑ ረጥቧል' ብንል ማንን እንጠቅማለን?"

"ቅማሉስ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ቅማል እንደ ካፊያ አይወርድም። ብዙው ሰው ላይ የለም፤ ጥቂቱ ላይ ይከመራል። አባባ ጫቦን ብናወጣ ያወጣነው የተሳሳተ ቁጥር አይደለም፣ አሸንዳው የተቀደደበትን ቦታ ነው። ተስቦው ተመልሶ የሚነሳው ከዚያ ነው።"

"ታዲያ ቤቱ ይዘጋ ነው የሚሉት?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጊዜ ይሰጠኝ ነው የምለው። እኚህ ሰው ወጥተው ለሚጻፍ ሪፖርት ግን አልፈርምም።"

ያለ እሳቸው ፊርማ ሪፖርቱ ከላይ ተቀባይነት የለውም። ሊቀመንበሩ ረጋ ብሎ፣ "ጓድ ለማ፣ የእርስዎን ነገር እኮ እናውቀዋለን" አለ። አቶ ለማ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት። "አውቃለሁ" አሉ። "ለእኔማ ብሳሳት ይሻለኝ ነበር። አልተሳሳትኩም።" በመጨረሻ ዶክተሩ መሃል ገብቶ የሁለት ሳምንት ጊዜ አሰጣቸው።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ተናድጄባቸው ነበር። ቤቱን የሚያድነውን ቀላል መንገድ ዘግተው ራሳቸውን ደግሞ ለአደጋ ማጋለጣቸው አልገባኝም። ግን ከማግስቱ ጀምሮ ያቺ የሒሳብ መኪና ክርርር ማለት ጀመረች፣ እኔም ቁጥር የማነብላቸው ሆንኩ። በሻይ ሰዓት ያስረዱኝ ነበር። አንዱን ጥያቄ ለሁለት ከፍለውታል፤ ስንቱ ሰው ላይ ምንም የለም? ያለበት ሰው ላይስ ምን ያህል ይከመራል? እንደ ካፊያ ላለ ነገር የሚሠራውን ዘዴ ትተው፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ረጅም የሆነ፣ ክምሩን ራሱን የሚለካ ሌላ ዘዴ ያዙ። ሒሳቡ ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ። ታችኛው ሰፈር ብዙ ሰው ላይ ጥቂት ጥቂት አለ። ላይኛው ሰፈር አብዛኛው ሰው ፍጹም ንጹሕ ነው፤ የቀሩት ጥቂቶች ላይ ግን ጨርሶ ምንም ለውጥ የለም።

"አየሽ እጅጋየሁ" አሉኝ፣ "ቤቱ ለብዙው ሠርቷል። እነዚህ ጋ ግን አልደረሰም። ለምን እንዳልደረሰ ቁጥሩ አይነግረኝም። የት ሄጄ እንደምጠይቅ ነው የነገረኝ። ሂጂና ጠይቂያቸው።"

መጀመሪያ የሄድኩት አባባ ጫቦ ጋ ነው። ዝናቡ አባርቶ መጠለያቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባባ፣ ልብስዎን ለምን አያስቀቅሉም? ክፍያ የለውም እኮ።"

"ጠዋት ይሰጣል፣ ማታ ይመለሳል አይደል?"

"አዎ።"

"እስከ ማታ ታዲያ ምን ለብሼ ልዋል ልጄ?"

ቅያሪ የላቸውም። ያቺው ሸሚዝ፣ ያቺው ሱሪ፣ ያቺው ጠርዟ ያለቀ ኩታ። ከእሳቸው ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ወደ ሌላው ሄድኩ። አንዲት ቅጠል ተሸካሚ ሴት "ልብሴን ሰጥቼ በርኖስ ይሰጡኛል?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳህኔን የሞሉት ሰዎች በሙሉ የለበሱት ልብስ ብቻ ያላቸው ነበሩ። ስመለስ ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ነበር የተራመድኩት። አቶ ለማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቅያሪ ያለውንና የሌለውን ለይተው ሒሳቡን እንደገና አዞሩት፤ ያ ሁሉ ክምር ቅያሪ በሌላቸው በኩል ቦታውን ያዘ።

በሁለተኛው ስብሰባ ዘዴውን ለማስረዳት ብዙ ተዘጋጅተው ነበር፤ አላስፈለገም። "ቅያሪ የላቸውም" ከሚለው በኋላ ሊቀመንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ካኪውን እያየ፣ "እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል ቅያሪ አልነበረኝም" አለ። "እናቴ እሁድ አጥባ እስኪደርቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር የምውለው።" መጋዘን የሚለውን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። ሰውን በአንድ ቀን ንግግሩ መመዘን እንደማይገባ የተማርኩት ያኔ ነው።

ልብሱ እስኪደርቅ የሚለበስ የውሰት ጋቢ ያስፈልግ ነበር። አቶ ለማ ራሳቸው ሽሮ ሜዳ ወረዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። የዚያን ጊዜው ሽሮ ሜዳ እንደ ዛሬው በመስታወት የተሸፈነ ሱቅ የተደረደረበት አልነበረም። ዝቅ ካለ በር ጎንበስ ብለህ ትገባለህ፣ ጨለም ባለው ቤት ውስጥ የሸማኔው መምቻ ቀጭ ቋ ይላል፣ የጥጡ ብናኝ በመስኮቷ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል። አቶ ለማ በየቤቱ ቆመው፣ ያለ ጥድፊያ፣ ለምን እንደፈለጉት ያስረዳሉ። የማንንም ስም አይጠሩም። ሸማኔዎቹ ጥለቱ የተበላሸውን፣ ገዢ ያልወደደውን፣ አንዳንዱም ደህናውን አወጡ። ሸክማችን ከብዶ በውሰት አህያ ጭነን ነው የተመለስነው።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ቆጠርኩ። ያ ሳህን የሚሞላበት ቅዳሜ ቀረ። ዶክተሩ ሪፖርቱ ላይ "ቅማል ተወግዷል" ብሎ ሊጽፍ ፈልጎ ነበር። አቶ ለማ "ቀንሷል እንበል፣ ተወግዷል አንበል" ብለው አስተካከሉት። እኔ ከዚያ ክፍል እስክዛወር ድረስ በርሜሎቹ ይፈሉ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ የባህል ቀሚስ የሚሸጥበት ረድፍ ሱቅ ቆሟል፤ ወንዙም በግንብ ታጥሯል። አቶ ለማ ጡረታ ወጥተው፣ ጸሎት ቤታቸው ተከፍቶ፣ በመዘምራኑ መሃል ሽማግሌ ሆነው ሲዘምሩ አይቻቸዋለሁ። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ነጠላዬን መስቀልያ አጣፍቼ ቆምኩ። ሰባኪው ስለ እምነታቸው በደንብ ተናገረ። ስለ ሥራቸው ግን "በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለዋል" ብሎ አለፈው። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሌላው ሊያወጣው የሚቸኩለውን አንድ ሰው ይዘው እስከ መጨረሻው የሄዱ ሰው ነበሩ ይል ነበር። እኔ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው ትምህርቱና ልቡ አንድ ላይ የሚሄድለት ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ሁሉ የሚመላለስብኝ ጋቢዎቹ የታደሉበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። አባባ ጫቦ ልብሳቸውን አስረክበው፣ በአንድ ወፍራም ጋቢ ተጠቅልለው ከበርሜሎቹ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ለማም ኮታቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሽማግሌው የጋቢውን ጠርዝ በጣታቸው ይዳስሳሉ።

"ይኼ የታደሰ ሥራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የወንድሜ ልጅ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ማጉን ያጠብቃል፤ ተው ብለው ብለው አልሰማኝ አለ።"

"ከተለያያችሁ ቆያችሁ?" አሉ አቶ ለማ።

"ዓይኔ ሲሄድ ሸክም ልሆንበት አልፈለግሁም። ሳልነግረው ወጣሁ።" ጋቢውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት። "ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ጋቢውን በእጁ የሰጠኝ እሱ ነው። ለማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ልንገረው?"

አባባ ጫቦ ጠርዙን እንደገና በጣታቸው ያዙት። የበርሜሉ እንፋሎት በፊታቸው ያልፋል፣ ሴቶቹ ልብስ በዱላ እያገላበጡ ያወራሉ። አቶ ለማ ደግመው ሳይጠይቁ ጠበቁ።

"ጠርዙን እንዲያላላው ንገረው" አሉ ሽማግሌው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳህኔን ይዤ ስደርስ አንድ ጎልማሳ ሰው ከመቀቀያው ቤት ደጃፍ ቆሞ አገኘሁት። በብብቱ የታጠፈ ሸማ ይዟል። አባባ ጫቦ በምርኩዝ ቀስ እያሉ ሲመጡ ሮጦ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ሸማውን ተቀብለው ዘረጉት፣ ጫፉን ይዘው ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ቀስ ብለው ሄዱበት።

"አሁን ላላ" አሉ።